ለደንበኞቻችን፦ ሲንጀሩን ለምን እንደ መስታወት አላበራሁትም

ሰላም ደንበኞቼ፣

ሰሞኑን ሁለት ሰው ሲንጀር የስፌት መኪና ወደማጸዳበት ሱቄ ድረስ መጥቶ ተቆጥቶኝ ሄደ። አንድ እናት «የእናቴን ሲንጀር አሳምርልኝ ብዬ ብሰጥህ እንደጠቆረ መለስክልኝ» አሉኝ። ሌላው ደግሞ የማጽዳቱ ዋጋ 800 ብር የነበረው እንዴት 1,500 ገባ ብሎ ነው። ቀድሜ አለመናገሬ ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ። አካሉን በስፕሪትና በመኪና ፖሊሽ ማሸት ግን ትቻለሁ፣ አልመለስበትም።

የድሮ ሲንጀር ላይ ያለው የወርቅ ሥዕል ከላዩ ሼላክ ተቀብቷል። ያው አናጢ በስፕሪት አሟሙቶ ወንበር የሚያሳምርበት ሼላክ። ታዲያ እሱን በስፕሪት ብታሹት ምን ይሆናል? ሥዕሉ ከጨርቁ ጋር ይመጣል። ፖሊሹም ቀስ እያለ ይፍቀዋል። ይሄን ያወቅኩት አበላሽቼ ነው። የአባቴ ሲንጀር ላይ ስፊንክስ ነበረበት፣ እኛ ቤት «ሰው ፊት ያለው አንበሳ» ነበር የምንለው። ልጅ ሆኜ ለፋሲካ ላስደስተው ብዬ በስፕሪት ስፈትገው ዋልኩ፣ አንበሳው ጭራው ብቻ ቀረ። አባቴ አልመታኝም። ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ መስፋቱን ቀጠለ። ብመታ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዋጋው ስመጣ፣ ልፋቱ ያለው ውስጡ ነው። ብዙዎቻችሁ (አትቀየሙኝ) የምግብ ዘይት ታደርጉበታላችሁ፣ እሱ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቅና መዘውሩ አልዞርም ይላል። ላምባ ጠብ ጠብ አድርጌ አሳድረዋለሁ፣ በማግስቱ በእጄ ወዲያ ወዲህ እያልኩ አላቅቀዋለሁ፣ ጨርቅ የሚስበው ጥርስ ሥር የተጠቀጠቀውን ብናኝ በመርፌ እለቅማለሁ፣ ከዚያ ነው ትክክለኛው የሲንጀር ዘይት የሚገባው። ሦስት ቀን የፈጀብኝ አለ። ኒኬል የሆነውን ደግሞ ፊታችሁ እስኪታይበት እወለውለዋለሁ፣ እሱን መቼ ከለከልኩ? ዘይቱም ቺንጋውም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። የሱቅ ኪራዩን እንኳ ተዉት።

በርካሽ የሚያበሩላችሁ አሉ፣ ጥቁር ቀለም ረጭተው አዲስ የሚያስመስሉም አሉ። ሂዱ አልል፣ አትሂዱ አልል። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ የተሠሩት ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ነው፣ ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። የፋቅነውን ማን መልሶ ይሥልልናል? ስንት ዓመት አብረን ቆይተን በአንድ ጊዜ ፊት ባታዞሩብኝ ደስ ይለኛል።

የተቆጡኝ እናቴ ደግሞ፣ ሲንጀሩን ይዘው ይምጡ፣ ኒኬሉን እንደገና በነጻ እወለውልልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን መስኮት አጠገብ አድርገው ጎንበስ ብለው ይዩት። የጠቆረ ያሉት ላይ ወርቁ አለ።