ዕጣዋን ለሰጠችኝ፣ ለሁላችሁም

ቅዳሜ ዕለት ወመዘክር አዳራሽ መጥታችሁ መጽሐፌን ላስመረቃችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድምፄ ተዘግቶ ለየብቻ ልደውልላችሁ ስላልቻልኩ እዚሁ ላመስግናችሁ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አስማት የሚችሉ ሴቶች አሉ፣ ጉልበታቸውን ዕቁብ ይጥላሉ። በየሳምንቱ ሁሉም ካላት ላይ ታዋጣለች፣ ዕጣው የወጣላት ደግሞ የዚያን ሳምንት የሁሉንም ጉልበት ይዛ ወንዝ ታቆማለች፣ የታሰረ ታስፈታለች፣ ካሰኛትም ተኝታ ታርፋለች። (ብዙዎቻችሁ የወደዳችሁት የማረፉን ምዕራፍ ነው፣ አይገርምም።)

አንድ አሳታሚ ረቂቁን አይቶ "ጓደኞቿን ቀንሻቸው፣ ጀግና የምትጎላው ብቻዋን ስትሆን ነው" አለኝ። እምቢ ስል እሱም እምቢ አለ። እኔ ደግሞ ጎራዴ ይዛ ብቻዋን የምትሮጥ፣ አንዲት ሴት ጓደኛ እንኳ የሌላት ጀግና ትሰለቸኛለች። ስትፈራ ለማን ትናገራለች? ቁስሏንስ ማን ያጥብላታል? አራት ኪሎ አብርሆት ግቢ እየተገናኛችሁ ረቂቁን ምዕራፍ በምዕራፍ ያነበባችሁልኝ ልጆች፣ "አንዷንም እንዳትነኪ!" ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።

በራሴ ላሳትም ስል ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ጎደለኝ። የዚያን ወር የቢሮ ዕቁባችን የወጣላት ጓደኛዬ "ከመጽሐፍሽ ልኮርጅ" ብላ ዕጣዋን ሰጠችኝ። ፍሪጅ ልትገዛበት ነበር።

መጽሐፉ የመጣው ዋዜማው ማታ ነው፣ እሱም ግማሹ ጎዶሎ ሆኖ። ከገጽ 64 ቀጥሎ 81 ይላል! እናቴ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን ቅጂ አገላበጣችሁ፣ ደህናው በግድግዳው በኩል፣ ጎዶሎው በበሩ በኩል። እማዬ በረካውን ስታቀርብ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፣ አንዳችሁም "ልሂድ" አላላችሁም። የሽፋኑ ቀይ ቀለም ጣታችሁ ላይ ቀርቶ በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ስታጨበጭቡ ከመድረክ ይታየኝ ነበር።

አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው "ይሄ ሴት ጀግና የምትሉት ከፈረንጅ ፊልም የመጣ አይደለም ወይ?" ሲሉ አፌ ተሳሰረ። ከኋላ የተነሱት የአማርኛ መምህርት ግን አላመነቱም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት ላይ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ እንደምትወጣ ተረኩና "ታዲያ ጋሼ፣ ያኔ የትኛው ፊልም ነበር?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ስቀው ለልጅ ልጃቸው አንድ ቅጂ ገዝተው አስፈረሙኝ፣ እሳቸውንም አመሰግናለሁ።

ፋንታሲን፣ ማለትም እንደኔ መጽሐፍ አስማት ያለበትን ልቦለድ፣ "የልጆች ተረት ነው" ላለው ወጣት የመለሰችልኝንም ልጅ አልረሳትም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤን ኬ ጀሚሲን ልጇን የምትፈልግ ጎልማሳ እናት ይዛ በጻፈቻቸው ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በየዓመቱ ለፋንታሲና ለሳይንስ ልቦለድ የሚሰጠውን ትልቁን የሁጎ ሽልማት መውሰዷን ስትነግረው ስልኩን አውጥቶ ስሟን ጻፈ።

ጎዶሎ ቅጂ አምልጦን የደረሳችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እቀይራለሁ። ሁለተኛውን ክፍል መቼ ነው የምትሉኝ ደግሞ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ፍሪጁ ይገዛ።