የማዶው ማሳ ለምን ቀጨጨ? ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የመንዝን ብርድም እንደ ወትሮው ችለነዋል። ባለፈው ስትመጪ፣ ከቤት ኋላ ያለው ገብስ እንዲያ ሲፋፋ የማዶው ማሳ ለምን እንደሚቀጭጭ ጠይቀሽኝ ነበር፤ በችኮላ የሰጠሁሽ መልስ ለራሴም ስላላረካኝ ይህን ጻፍኩልሽ።

ዋናው ምክንያት ፎስፈረስ የሚባለው የተክል ምግብ ማነሱ ይመስለኛል። ሌላው ምግብ ናይትሮጂን ከአየር ሊገኝ ይችላል፤ ባቄላ በሥሯ እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ትወስደዋለች። ፎስፈረስ ግን ጋዝ ሆኖ በአየር ስለማይመላለስ ምንጩ ዐለት ነው። ዝናብና ከተክል ሥር የሚወጣ አሲድ ዐለቱን በብዙ ዘመን ሲያሟሙት ፎስፌት የሚባለው የፎስፈረስ ውህድ ይለቀቃል፤ ሥሩ ይስበዋል፤ ከሥሩ ጋር ተጋግዘው የሚኖሩ ፈንገሶችም እርሱ ከማይደርስበት ያመጡለታል። ከዚያ ከገብሱ ወደ በሬው፣ ወደ እኛም ይገባል። የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤ ያለ ፎስፈረስ አይያያዝም፤ ከአንድ ጎልማሳ ሰው 700 ግራም ያህል ፎስፈረስም 85 በመቶው በአጥንቱና በጥርሱ ውስጥ ነው።

እንግዲህ የቤታችንን ነገር አስቢው። በሬዎቹ የማዶውን ገለባ በልተው የሚጥሉት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ሲሄድ ፎስፈረሱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱን ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት የደፋነው ጓሮ ነው። ጓሮው የጠገበው የማዶውን ማሳ ድርሻ ጭምር እየበላ ነው ማለት ነው። ፎስፈረስ ሲያንስ እህል መድረሻው ይዘገያልና ዘንድሮ የማዶው ገብስ ገና ሳይደርስ የኅዳር ውርጭ መታው። እናትሽን በዚህ አልወቅስም፤ እንጨት በሌለበት አገር ከኩበት ሌላ ምን ታንድድ? እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳላስተውል መቆየቴ ይቆጨኛል።

አያትሽ አፈሩን ከምረው በኩበት ያጋዩ እንደነበር ነግሬሻለሁ። እሳቱ በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የቆየውን ፎስፈረስ ስለሚፈታው ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ይበረታ ነበር፤ ብስባሹና ናይትሮጂኑ ግን አብረው ስለሚቃጠሉ መሬቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጦም ያድራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጎርፉ ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ከተዳፋታችን የታጠበው ደለል በጃማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይዞት ይወርዳል። አንድ ጊዜ ባሕር ወለል ላይ ካረፈ ዐለት ሆኖ ዳግም ወደ የብስ እስኪወጣ ሚሊዮኖች ዓመታት ያልፋሉ። በማዳበሪያ የምንገዛው ፎስፈረስም እንዲሁ ከዐለት የተቆፈረ ነው፤ ከታወቀው የዓለም ክምችት 70 በመቶ ያህሉ በሞሮኮና በምዕራብ ሰሃራ ይገኛል። ከዚያ ተጉዞ መንዝ የደረሰውን አንድ ክረምት ሲያጥበው ማየት ያንገበግበኛል፤ የማዶውን እርከን ከበጋው ሳንወጣ የምጠግነውም ለዚህ ነው።

አመዱንም ዝናብ በማይደርስበት ጥግ በጆንያ እያጠራቀምኩ ነው። ከሰኔው ዘር በፊት በአህያ ጭኜ ማዶ እወስደውና ከአፈሩ ጋር አርሼ እቀላቅለዋለሁ፤ ልዩነቱ እንዲታይ ግን ግማሹን ማሳ ብቻ አለብሳለሁ። በመስከረም ስትመጪ ሁለቱን ወገን አብረን ዞረን እናየዋለን።

አባትሽ