ይቅርታውን ማን ተቀበለው? የሰብዓዊ መብት ክበብ የዓመቱ ውሎ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ርዕስ ላይ ሙጭጭ አለ፦ የሞት ቅጣት። በየሳምንቱ ርዕስ መቀያየር ሰልችቶን ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ «ይህ ቅጣት ይቅር የምትሉ እጅ አውጡ» ስል፣ የወጣው እጅ በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው «ገዳይ ይገደል» ባይ ነበር። እኔ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህንንም አልደበቅኳቸውም።

የሞት ቅጣትን የመቃወም ዓለም አቀፍ ቀን ከ2003 ጀምሮ ኦክቶበር 10 ይከበራል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለዕለቱ የግድግዳ ጋዜጣ አወጣን። በዛሬዋ ጣሊያን ምድር የነበረችው ቱስካኒ በ1786 የሞት ቅጣትን ከሕጓ መሰረዟን ጻፍን። ችግሩ፣ 1876 ብለን ነው የለጠፍነው። ስህተቱን ያገኘው የክበቡ አባል ያልሆነ ልጅ ነበር። አፈርን። ልጁንም ወዲያው አባል አደረግነው።

የብዙዎቹን ሐሳብ ያናወጠው ግን የቲሞቲ ኢቫንስ ታሪክ ነው። ኢቫንስ ለንደን የሚኖር ወጣት ነበር። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ተገድለው ተገኙ። ፖሊስ ፊት ቃሉን ቀያየረ፤ «ገድያለሁ» ብሎም ነበር። ችሎት ሲቀርብ ግን «የገደላቸው ታች ያለው ጎረቤታችን ነው» አለ። ጎረቤቱ ክሪስቲ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ነበር። የታመነው ምስክሩ ነው። ኢቫንስ በልጁ ግድያ ተፈርዶበት በ1950 ተሰቀለ። በ1953 ከክሪስቲ ቤት የሴቶች አስከሬን ወጣ። ሰውየው የኢቫንስን ሚስት መግደሉንም አመነ። ለኢቫንስ ይቅርታ የተደረገለት በ1966 ነው።

አንብቤ ስጨርስ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ይቅርታውን ማን ተቀበለው?» አለችኝ። ያን ቀን ሌላ ነገር መወያየት አልቻልንም።

በሳምንቱ ጃፓናዊውን የቀድሞ ቦክሰኛ ኢዋኦ ሃካማዳን አነሳን። በ1968 ሞት ተፈረደበት። ከእስር የወጣው በ2014፣ ነፃ የተባለው በ2024 ነው። ያ ሁሉ ዓመት አእምሮውን ጎድቶት ስለነበር ፍርዱን ችሎት ተገኝታ የሰማችለት እህቱ ናት። ቢሆንም በሕይወት ደርሷል። ኢቫንስ አልደረሰም።

«ሞት ወንጀለኛን ያስፈራል» በሚለው ላይ ክርክሩ ጦፎ ነበር። የእኔ ወገን የሆኑት ልጆች «እንደማያስፈራ በጥናት ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ። አሰረዝኳቸው። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያወጣው ሪፖርት ያለው ሌላ ነው፦ እስከዚያ የተሠሩት ጥናቶች ግድያን ይቀንሳልም፣ ይጨምራልም፣ ለውጥ አያመጣምም አያሰኙም። ልጆቹ ቅር አላቸው። ለእኔ ግን በቂ ነው። እርግጠኛ ባልሆኑበት ነገር ሰው አይሰቀልም።

አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም። «የተገደለው ወንድምዎ ቢሆንስ?» ብሎ ያዘኝ። ገዳዩ እንዲሞት እመኝ ይሆናል አልኩት፤ ለዚያም ነው ዳኛው እኔ መሆን የሌለብኝ። «ይሄ ማምለጫ ነው» አለኝ። ምናልባት ልክ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ እንደገና እጅ አስወጣን። አሁን ቅጣቱ ይቅር ያልነው በለጥን፤ ያልተስማሙትም ጥቂት አይደሉም። የዚያ ልጅ ጽሑፍ ከእኛው ጎን ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ክረምቱ ሳይገባ አንብቡት።