የኮቭ ልጆች

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! በስልክ «ሰላም ነሽ?» ተባብሎ መዝጋት አያጠግብም። ዛሬ የማወራሽ ስላለኝ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

አሁን የምኖረው አየርላንድ፣ ኮርክ ነው። ከዚህ በባቡር ትንሽ እንደተሄደ ኮቭ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ልቤን ወስዳዋለች። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እዚያ ነኝ፤ ታሪኳንም ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ሰው ሁሉ የሚያውቃት በታይታኒክ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1912፣ ሐሙስ ዕለት፣ መርከቧ ለመጨረሻ ጊዜ የቆመችው እዚህ ነው። 123 ሰው ተሳፈረ፣ 7 ወረደ። ከወረዱት አንዱ ለካህንነት ይማር የነበረው ፍራንሲስ ብራውን ነው። ትኬቱን የሰጡት አጎቱ፣ መንበራቸው በዚችው ከተማ የሆነ ጳጳስ ነበሩ። ከነካሜራው በመውረዱ ያነሳቸው ፎቶዎች ተርፈዋል።

እኔን የያዙኝ ግን የተሳፈሩት ናቸው። 113ቱ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ነበሩ። ለከተማዋ ደግሞ ያ ሐሙስ እንደማንኛውም የመርከብ ቀን ነበር።

ያኔ ስሟ ኩዊንስታውን ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1849 ስለጎበኘቻት ነው እንዲያ የተባለችው፤ የድሮ ስሟ የተመለሰላት በነፃነት ትግሉ ጊዜ ነው። በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን፣ ከ1901 እስከ 1910፣ አገሩ በእንግሊዝ እጅ ነበር። ሆልቦውሊን በምትባለው ደሴት የባሕር ኃይሉ መርከቦች ይጠገናሉ፣ ስፓይክ ደሴት ላይ ወታደር ሰፍሯል። ሀብታሞቹም በጀልባቸው ይዝናናሉ፤ ክበባቸው ከ1720 ጀምሮ የነበረ ነው።

ያኔ ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ከተማው አይጠጉም። ከሮቸስ ፖይንት አጠገብ፣ ወደቡ አፍ ላይ መልሕቅ ይጥላሉ። ሰውንና ፖስታውን የሚያመላልሱት ትንንሽ መርከቦች ናቸው። ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ደብዳቤ እዚህ ይራገፍና በባቡር ወደ ደብሊን፣ ከዚያም በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይበራል፤ መርከቧ ሊቨርፑል እስክትደርስ ከመጠበቅ ይፈጥን ነበር። ዳንቴል የሚሸጡ ሴቶችም በጀልባ ቀዝፈው መርከቧ ድረስ ይሄዳሉ። ሉሲታንያ በ1907 የመጀመሪያ ጉዞዋን ስታደርግ በዚህ አልፋለች።

የሚሄዱት እነማን መሰሉሽ? ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያላገቡ ወጣቶች። በ1903 የወጣው የመሬት ሕግ ገበሬው የሚያርሰውን መሬት በመንግሥት ብድር እንዲገዛ ረድቶታል። ግን መሬቱን የሚወርሰው አንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ቤተሰቧ የሚሰጣት ጥሎሽም ቢገኝ ለአንዷ ብቻ ነው። ለተቀሩት ምን አለ? መርከብ ብቻ። ቦስተን ወይም ኒው ዮርክ ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። ከደመወዛቸው ለእናት ይልካሉ፣ ከዚያ ለታናሽ እህት ትኬት ይቆርጣሉ። እሷም ሄዳ የምትከተላትን ትጎትታለች። ይሄን ሳነብ ቤይሩትና ጅዳ የሄዱት የሰፈራችን ልጆች በዓይኔ ላይ መጡ። አንቺም ማንን እንደምታስቢ አውቃለሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ሌሊት ጎረቤት ይሰበሰባል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል፣ እናቶች ያለቅሳሉ። የአሜሪካ ለቅሶ ይሉት ነበር፤ በቁሟ ነው የሚለቀስላት፣ የሚመለስ ጥቂት ነበርና። ጠዋት ሰዉ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሸኛታል። ኩዊንስታውን ስትደርስ የምታድረው ወደቡ ዳር በተደረደሩት የእንግዳ ማረፊያዎች ነው። መርከብ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሐኪም ያያታል። አሜሪካ ትራኮማ ያለበትን ትመልስ ነበር፤ የመመለሻው ወጪ ደግሞ በመርከብ ኩባንያው ላይ ነው። አስቢው፣ የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ በአንዲት ልጅ ዓይን ላይ ተንጠልጥሎ!

ከ1848 እስከ 1950 ከአየርላንድ ወደ ስድስት ሚሊዮን ሰው ተሰዷል፤ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህሉ በዚች ትንሽ ከተማ በኩል ነው የወጣው። የማረፊያው ባለቤት፣ ትኬት ሻጩ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ሁሉም እንጀራው ከመለያየት ነበር። አልፈርድባቸውም። የሚበላ ሌላ አልነበረም።

ከላይ ኮረብታው ላይ የቅዱስ ኮልማን ካቴድራል አለ። ግንባታው በ1868 ተጀምሮ ጉልላቱ ያለቀው በ1915 ነው። ለማሠሪያው አሜሪካና አውስትራሊያ ካሉ ስደተኞችም ገንዘብ ተሰብስቧል። በኤድዋርድ ዘመን የተሳፈሩት ልጆች ሲለዩት ገና አላለቀም ነበር። አብዛኞቹ ሲያልቅ አላዩትም፤ ከሰው ቤት ደመወዛቸው ግን አለበት። ይሄ ነው ውስጤን የሚበላው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ታይታኒክ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምነግረው የእነሱን ነበር።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ሥራውስ? እህትሽ ከቤይሩት ስለመመለሷ ምን የሰማሽው አለ? ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ። ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ
ጓደኛሽ