ክለቡን ግቢበት፤ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና አባትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። የሥራ ባልደረባሽ ወደ በጎ ፈቃድ ክለባቸው ስብሰባ እንደወሰደችሽ፣ የሚሠሩት ሥራ ደስ እንዳሰኘሽ፣ ነገር ግን ከሰዓቱ ግማሹ በጨዋታና በሣቅ ስላለፈ «ለሥራ ነው ወይስ ለወሬ የሚሰበሰቡት?» ብለሽ እንደተጠራጠርሽ ጽፈሻል። እኔ የዕድሜዬን ግማሽ እንዲህ ባለ ክለብ ውስጥ ስላሳለፍኩ «እንደፈለግሽ» ብዬሽ ዝም ልል አልችልም።

ግቢ ልጄ። ያ ጨዋታ ሥራ የሚያስፈታ አይምሰልሽ፤ ሥራው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ነገሩ ከሥሩም እንዲህ ነው የጀመረው። ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ያደገው ዋሊንግፎርድ በምትባል የአሜሪካ ትንሽ መንደር፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ነበር። ሺካጎ ገብቶ ቢሮ ሲከፍት ሥራ አገኘ፤ ወዳጅ ግን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1905 ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ በአንዱ ቢሮ ተሰበሰበ። በዓለም ዙሪያ ክለቦች ያሉት ሮታሪ የሚባለው የበጎ ፈቃድ ማኅበር የተጀመረው በዚህ ነው። ያን ቀን ድሃ እንርዳ ብሎ የተነሳ አልነበረም፤ ብቸኝነት የሰለቻቸው ሰዎች ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆይተው ነው ለከተማዋ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ መወትወት የያዙት። ወዳጅነቱ ቀድሞ፣ አገልግሎቱ ተከተለ። ይህን ስጽፍልሽ፣ ወደዚያ ከተማ የሄድሽ ሰሞን «ቅዳሜ ሲመጣ የምሄድበት ይጠፋኛል» ያልሽኝ ትዝ አለኝ።

የእኛ ክለብ ዋና ሥራ ያገለገሉ መነጽሮችን ሰብስቦ ማዘጋጀት ነበር። እንደ ሮታሪ ያለው የሌላው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ የላየንስ፣ ክለቦች በዓይን ጉዳይ እንዲህ የበረቱት ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊት ጸሐፊ ሄለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1925 ጉባኤያቸው ላይ ቆማ ከዓይነ ስውራን ጎን እንዲሰለፉ ከለመነቻቸው ጀምሮ ነው። ሲወራ ደስ ይላል፤ ሲሠራ ግን እጅ ያዝላል። ካርቶኑ ሲገለበጥ እግሩ የተሰበረ፣ መስታወቱ የተጫረ፣ አንድ ዓይኑ የወለቀ መነጽር ይወጣል። የማይረባው ተለይቶ ይጣላል። የተረፈው በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ አፍንጫ ላይ በሚያርፉት ትንንሽ ላስቲኮች ሥር የገባው እድፍ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። የዓይን ባለሙያ የሆነው አባላችን እያንዳንዱን መስታወት በመለኪያው እያየ ቁጥሩን ይጠራል፤ አንዷ የቀኙንና የግራውን ለይታ ትጽፋለች፤ ሌላው ከነወረቀቱ በላስቲክ ከረጢት ያሽጋል። ቀኝና ግራ ከተቀያየረ ያ ሁሉ ልፋት ለባለቤቱ ራስ ምታት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ የምትጽፈው ሴት የሰማችውን ቁጥር ጮክ ብላ መልሳ ታነባለች። ምሽቱ በዚህ ያልፋል። የሚያጨበጭብ የለም፤ መነጽሩን የሚያደርገውን ሰውም አብዛኞቻችን አናየውም።

እንዲህ ላለው ሥራ ሰውን በየጊዜው ከቤቱ የሚያስወጣው ምን ይመስልሻል? ርኅራኄ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ሰውነት ሲደክም፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ መሥሪያ ቤት ውሎ ራስ ሲዞር የሚያስወጣሽ ግን ከጎንሽ የምትቀመጠው ሰው ናት፤ ባትሄጂ ትደውልልሻለች፣ «ምነው ቀረሽ? አሞሽ ነው?» ትልሻለች። ከአባሎቻችን አንዷ ባሏ ሲሞት መነጽር መለየቱን ትታ ቤቷ ዋለች። ክለቡ በየተራ እየሄደ አብሯት ተቀመጠ፤ ማንም ስለ ሥራ አላነሳባትም። እሷ ናት ራሷ ተመልሳ መጥታ ካርቶኑን የሳበችው። ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት ብሩሹን ከእጇ የነጠቃት የለም።

ጥርጣሬሽን ግን ጨርሰሽ አትጣይው፤ ይጠቅምሻል። ጨዋታው ብቻ ቀርቶ ሥራው የተረሳባቸው ክለቦች አሉ፤ ዓመት እስከ ዓመት ራሳቸውን ሲሸልሙ ይኖራሉ። የአንቺ ክለብ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰው ችግር ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1930 ጆርጅ ቦንሃም የሚባል ሰው፣ ፒዮሪያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የላየንስ ክለብ አባል፣ አንድ ዓይነ ስውር መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ። የያዘው ዱላ ጥቁር ስለነበር ሾፌሮቹ አልለዩትም። ክለቡ ዱላ ነጭ ቀብቶ፣ ቀይ አዙሮበት ማደል ጀመረ፤ ከተማዋም ነጭ ዱላ የያዘ ሰው ቅድሚያ እንዲያገኝ ደነገገች። በሌሎች አገሮችም ነጭ ዱላ ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። እኔ የምወድለት ግን ያ ሰው ከማዘን አልፎ፣ ዱላው ለምን እንደማይታይ ቆሞ ማየቱን ነው።

ስለዚህ ክለቡ ከመስጠቱ በፊት ይጠይቅ። ተቀባዩ የማይፈልገውን ነገር በጭነት መኪና ማውረድ እርዳታ አይባልም። የተረጂን ሰው ፊት ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት ደግሞ እኔ እስከዛሬ ያልተዋጠልኝ ነገር ነው። ለጋሽ ማስረጃ ይፈልጋል ይላሉ፤ ማስረጃው ደረሰኝና የሥራ ሪፖርት ይሁን። እናት ልጇን ይዛ እጇን ስትዘረጋ የሚያሳይ ሥዕል ለማንም አያስፈልግም። አንድ ቀን ይህ ጉዳይ ሲነሳ ዝም አትበይ፤ አዲስ አባል ነኝ ብለሽም አትፍሪ።

ገንዘቡንም እይ። ከሕዝብ የተሰበሰበ ለሕዝብ ነው፤ የክለቡ ወጪ ደግሞ ከአባላት መዋጮ ነው መሸፈን ያለበት። ሁለቱ በተለያየ ሒሳብ ይቀመጡ እንደሆነ ገንዘብ ያዡን ጠይቂ። ደህና ገንዘብ ያዥ ይህን ስትጠይቂው ደስ ይለዋል፤ ከተቆጣ ሌላ ክለብ ፈልጊ።

ስለ ሴቶች ያነሳሽውም እውነት ነው፤ እነዚህ ክለቦች ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ነበሩ። ዱዋርቴ የሚባል አንድ የካሊፎርኒያ የሮታሪ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሴቶችን አባል በማድረጉ ከማኅበሩ ተባረረ። ነገሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ለክለቡ ተፈረደለት። ላየንስም በዚያው ዓመት በሩን ለሴቶች ከፈተ። በዚያ ስብሰባ ላይ ያየሻት ሴት ፕሬዚዳንት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሌሎች ከማኅበሩ መሰረዝን ታግሠው ስለተከራከሩላት ነው።

ደግሞ ትዕግሥት ይኑርሽ። ሮታሪ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያውጅ፣ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎችም ተባብረውበት በሽታው ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። የጀመሩት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት የሉም። ቦታቸውን የያዙት በየክለቡ እንዳንቺ አንድ ምሽት ተጋብዘው የመጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ኮሚቴ በላይ አትያዢ። ለሁሉም እጁን የሚያወጣ ሰው በስድስተኛው ወር አይገኝም፤ ስንቱን አይቻለሁ። የሥራ ሰዓትሽ የማይፈቅድልሽን ነገር በይሉኝታ «እሺ» አትበይ። ጸሐፊነት ቢሰጡሽ ግን ተቀበዪ። ማንም አይወደውም፤ ሆኖም ክለቡን በአጭር ጊዜ ከጸሐፊው የበለጠ የሚያውቀው የለም። ቃለ ጉባኤ ስትይዢ ንግግሩን ሁሉ ለመገልበጥ አትድከሚ፤ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ይግባበት። ስሙ ያልተጻፈበት ሥራ አይሠራም።

ባልደረባሽን ሰላም በይልኝ፤ ስለጋበዘችሽ አመሰግናታለሁ። የትኛው ኮሚቴ እንደደረሰሽ ደግሞ ቶሎ ጻፊልኝ፤ የዓይን ነገር ከሆነ የምልክልሽ ማስታወሻዎች አሉኝ።

እናትሽ