ማቆየትም ወጪ አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ገበሬው ዋጋ እስኪወደድ እህሉን ይያዝ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። በመከር ሰሞን ገበያ እንደሚወርድ ማንም ያውቃል። ነገር ግን የጆንያው ዋጋ፣ የብድሩ ወለድና ነቀዝ የሚበላው ተደምሮ ከሚጠበቀው ጭማሪ ከበለጠ፣ ዛሬውኑ መሸጥ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት እርጥበቱን ነው። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል በቆሎ ለማቆየት ወደሚመቸው 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኩንታል ከሩብ ገደማ ይሆናል። ነጋዴው ለእርጥቡ ከዋጋው 5 በመቶ ብቻ ከቀነሰ፣ ማድረቅ ኪሳራ ነው፤ 15 በመቶ ከቀነሰ ግን ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ያዋጣል። መለኪያ የሌለው ሰው ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ነቅንቆ ሩብ ሰዓት ይጠብቅ። ጨው ከጠርሙሱ ገላ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። አለመለጠፉ ግን 13 ደረሰ ማለት አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን መጨመር አይጎዳም።

ነቀዙን አየር አሳጥቶ በሚገድለው፣ አየር በማያስገባው ጆንያ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች ለየብቻ ይታሰራሉ። በየሳምንቱ እየፈቱ ማየት (ይህ ልማድ በጣም የተለመደ ነው) አየር መልሶ ስለሚያስገባ ነቀዙን ያተርፋል።

አሻሻጡን በተመለከተ፣ ለዕዳ የሚያስፈልገው ቀድሞ፣ የቀረው በሁለት ሦስት ዙር ይሸጥ። የመጨረሻው ዙር አዲሱ መከር ከመቃረቡ በፊት ይለቅ። ዋጋ ሲነገርም ማጓጓዣው በማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከሰላምታ ጋር