የፍቺ ውሳኔዬ የት ገባ?

ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ሬጅስትራር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፍቺና የንብረት ክፍፍል ውሳኔ ግልባጭ ባለማግኘቴ የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

ከጥቅምት ወዲህ ስድስት ጊዜ መዝገብ ቤታችሁ መጥቻለሁ። ስድስቱንም ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በዚሁ ምድብ የተሰጠው የፍቺና የንብረት ክፍፍል ውሳኔ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ። ባለጉዳይዋ እኔው ነኝ። የሌላ ሰው ምስጢር አልጠየቅኩም።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። ጀሞ ያለችኝን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ልሸጥ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት። ዓይኗ ደክሟል። ሄጄ አብሬያት ልኖር ወስኛለሁ። ቤቱ በእኔ ስም ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም የሚባለው ገደብ ካለፈ ቆይቷል። የባንኩንም ዕዳ ከደሞዜ እየቆነጠርኩ ለብቻዬ ጨርሻለሁ። የቀረችኝ ይህች ወረቀት ብቻ ናት።

ቤቱ የደረሰን ትዳር ላይ እያለን ነው። በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 63፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። ስለዚህ ውል የሚያዋውሉት ሰዎች «የተፋታሽበትንና ቤቱ ለአንቺ የተወሰነበትን ፍርድ አምጪ» ሲሉኝ አልተቀየምኩም። ልክ ናቸው። ይኸው አንቀጽ ያኔ እኔ ሳላውቅ ቤቱ እንዳይሸጥ የጠበቀኝ ነው። ፍርድ ቤቱም ቤቱን ከነዕዳው ለእኔ፣ መኪናውን ለእሱ ብሎ ጨርሶታል። ያለቀ ጉዳይ ነው። ማለቁን የሚናገረው ግን እናንተ ጋ ያለው መዝገብ ነው።

የራሴ ግልባጭ የት እንደሄደ ሳትጠይቁኝ ልናገር። ክረምት ላይ ዝናብ በበረንዳው ገብቶ ወረቀቶቼን ያስቀመጥኩበትን ካርቶን አበሰበሰው። ስከፍተው ሁሉም እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ሆኗል። የተረፈችው አንዲት የቀጠሮ ወረቀት ናት። እሷም ላይ የመዝገቡ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ቀለሙ ተንሰራፍቷል። 3 ነው ሲሉት 8 ይመስላል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ግን ሁለት ቁጥር ነው። ሁለቱን አይቶ የእኔ የትኛው እንደሆነ መለየት ስድስት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው?

በመጀመሪያው ቀን መረጃ መስጫው ላይ ያለችው ልጅ ወደ ከተማ ፍርድ ቤት ላከችኝ። እዚያ ግማሽ ቀን ከተሰለፍኩ በኋላ «እትዬ፣ እኛ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ ነው የምንሰጠው፤ ፍቺ እኛ ጋ አይታይም» ተባልኩ። ይህንን ልዩነት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ወረፋው ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶችም እንደ እኔ ተልከው የመጡ ናቸው። በር ላይ አንዲት ወረቀት ቢለጠፍ፣ ይህ ጉዳይ እዚህ ነው፣ ያኛው እዚያ ነው የሚል፣ የስንቱን ሰው እግር ባዳነ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የመዝገብ ቤቱ ልጅ በ3 የሚያልቀውን ቁጥር አየልኝ። የሌላ ሰው የገንዘብ ክርክር ነው። በ8 የሚያልቀው መደርደሪያው ላይ የለም። «ወጪ ሆኗል ማለት ነው» አለኝ። ለማን? መቼ? ባሕር መዝገቡ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ባዶ መስመር ነው። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከላይና ከታች ያሉት ሁሉ ቀንና ፊርማ አላቸው፤ የእኔ ብቻ የላትም።

በስም ፈልጉልኝ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። በአራተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ፤ ስሜ ግን የለም። ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። የእኔ ስም በ«ጸ» ይጀምራል። አንዱ በጸሎቱ «ጸ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በፀሐዩ «ፀ»። የአባቴ ስም ውስጥ ደግሞ «ሐ» አለ፤ በሐመሩም፣ በሃሌታውም፣ በብዙኃኑም ሲጻፍ አይቻለሁ። መታወቂያዬና የባንክ ደብተሬ እንኳ አይስማሙም። ሁለቱን ስም በየአጻጻፉ ብናቀያይረው ስድስት መልክ ያወጣል። ልጁ አንዱን ብቻ ሞከረና «የለም» አለ። ሌሎቹንም እንዲሞክር ለመንኩት። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሞ ነበርና «ነገ ተመለሺ» አለኝ። ልጁ ትሁት ነው፤ በእሱ ላይ ክፉ እንዲደርስ አልፈልግም። አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ ሰው መድባችሁ እሱ ላይ መፍረድ አይገባም።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝን ልንገራችሁ። በአምስተኛው ቀን «መሬት ላይ የተቆለሉት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ከፈለግሽ አንቺው ፈልጊ» ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ በሲባጎ የታሰረ መዝገብ እስከ ወገቤ ተቆልሏል። ሰው በጎኑ ያልፋል፤ አንዳንዱም ይደገፈዋል። ተንበርክኬ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ፋይል በእጄ ተከፈተ። የማላውቃቸው ባልና ሚስት ልጃቸው ከማን ጋር ይኑር ብለው የተከራከሩበት ነው። ከመሃሉ አንድ ነገር ወደቀ። በእርሳስ የተሳለ ቤት ነው። ልጅ የሳለው። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «እማዬ» ይላል። በክርክሩ መሃል ማስረጃ ተብሎ ገብቶ ይሆናል። አንሥቼ ወደ ቦታው መለስኩት። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያች እናት ስም፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ የሰፈራቸው አድራሻ ሁሉ ፊቴ ተዘርግቷል። ማን ነኝና ነው የማየው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት ይከበራል ይላል። የዚያ ልጅስ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ የራሴን መዝገብ ማየት አልቻልኩም፤ የማላውቀውን ሕፃን ስዕል ግን አየሁ። የእኔም መዝገብ እንደዚያው የሆነ ቦታ ተከፍቶ የማላውቀው ሰው እያነበበው ይሆን? በዚያ መዝገብ ውስጥ ለዳኛ ብቻ ብዬ የተናገርኩት ነገር አለ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ስወጣ በር ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «መዝገብ ጠፍቶብሽ ነው? የሚያወጣልሽ ሰው አውቃለሁ፤ 5,000 ብር ብቻ» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም። አልከፈልኩም፤ አልከፍልምም። የግልባጩን ሕጋዊ ክፍያ ግን ንገሩኝና ዛሬውኑ በደረሰኝ እከፍላለሁ።

ስድስተኛው ቀን አጭር ነበር። «አልተገኘም» ተባልኩ። «በጽሑፍ ስጡኝ» ስል «እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ አንሰጥም» አሉኝ። ይሄ ነው ከሁሉም የከበደኝ። ከቤቴ ገዢ 100,000 ብር ቀብድ ተቀብያለሁ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ታግሦኛል። ከዚያ በኋላ ውሉ በእኔ ምክንያት ከፈረሰ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እጥፉን፣ 200,000 ብር፣ እመልሳለሁ። መዝገቡ እየተፈለገ ነው የሚል አንዲት ማኅተም ያላት ደብዳቤ ብትኖረኝ እሷን አሳይቼ ቀን ላስጨምር እችል ነበር። የቃል «አልተገኘም» ግን ለማንም አይታይም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። መዝገቡ በሁለቱም ቁጥርና በሁሉም የስሜ አጻጻፍ ይፈለግልኝ። በስም ሲፈለግ እኮ ፊደል መለዋወጡ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም፤ የኃይሉም፣ የሠናይትም፣ የዓለሙም ነው። ፍለጋው ላይ ማን ኃላፊ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚጨርስ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ከተገኘ ግልባጩ ይሰጠኝ። በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነም ጠፍቷል በሉኝ። የቀድሞ ባለቤቴ የራሱ ግልባጭ እንዳለው ነግሮኛል፤ ሊያመጣላችሁም ፈቃደኛ ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ መዝገቡን መልሳችሁ የምታደራጁበት መንገድ ካለ ምን ማቅረብ እንዳለብኝ ንገሩኝ፤ አቀርባለሁ። ተለያይተን እንኳ በዚህ ተስማምተናል።

ኮሪደሩ ላይ ያለውን ክምር ደግሞ ለእኔ ስትሉ ሳይሆን ለእነዚያ ልጆች ስትሉ አንሡት። ቁልፍ ያለው ክፍል ውስጥ ይግባ። ባለጉዳይ ገብቶ የሰው መዝገብ እንዲያገላብጥ አትፍቀዱ፤ እኔንም ጨምሮ።

የቀጠሮ ወረቀቷን፣ የመታወቂያዬንና የቀብድ ውሉን ኮፒ አያይዣለሁ። ስልኬ ማመልከቻው ላይ አለ። ሰኞ ጠዋት በ2፡30 መልሱን ለመቀበል እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አመልካች (ፊርማ)